ምሳ ምን በላህ ብላችሁ ጠይቁት



በማለዳ ወደ ሆሳዕና መናኸሪያ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ከብበው የሚጸልዩ ቤተሰቦችን ማየቱ አይቀርም። ከዱራሜ፣ ከሾኔ፣ ከጊምቢቹ የመጡ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አባቶች ጋቢ ደርበው፣ መሀላቸው አዲስ ጫማ ያደረገ ወጣት ቆሞ ይታያል። ረዳቱ «አዲስ አበባ፣ በቡታጅራ!» እያለ ይጣራል። ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት «ልጁ ወዴት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ያው ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ።

ስለዚህም የሐዲያና የከምባታ ወላጅ ደቡብ አፍሪካን በዓይኑ ሳያያት ያውቃታል። በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ምን እንደሚሸጥ፣ «ሎኬሽን» በሚሉት ሰፈር ሱቅ መክፈት ምን አደጋ እንዳለው፣ በ2000፣ በ2007 እና በ2011 ዓ.ም በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ሲነሣ ስንት ቤት ስልክ ታቅፎ እንዳደረ ያውቃል። ልጁ መጀመሪያ ዕቃ ተሸክሞ ቤት ለቤት ይሸጣል። ቀጥሎ ሱቅ ይከፍታል። ከዚያ የመንገዱን ዕዳ ይከፍላል፤ ከዚያም ለእናቱ ቤት፣ ለወንድሙ ባጃጅ ይገዛል። ይህን ቅደም ተከተል እንደ «አባታችን ሆይ» በቃላችን ይዘነዋል።

አሁን አሁን ግን ሻንጣ ከብበው ከሚጸልዩት መካከል «ቻይና ነው፤ ሊማር» የሚሉ አሉ። አንዱ የመንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ፣ ሌላው ቤተሰቡ መሬት ሸጦለት ይሄዳል። እኛም ደስ ይለናል። ነገር ግን ቻይናን ስለማናውቃት የምናውቀውን የደቡብ አፍሪካ ሚዛን አንሥተን የቻይናውን ልጅ እንመዝንበታለን። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሚዛን ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን ልንገራችሁ። ለትምህርት ወደ ቻይና የሚሄድ ልጅ ከሆቴል ውጭ የሚያድር ከሆነ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ አለበት። ረጅም ትምህርት የሚማረው ልጅ የሚይዘው ቪዛ ኤክስ 1 ይባላል፤ በገባ በ30 ቀን ውስጥ ወደ መኖሪያ ፈቃድ ካልተቀየረ ዋጋ የለውም። ፈቃዱ ካለፈበት በኋላ የሚቆይ ሰው በቀን 500 ዩዋን፣ ቢበዛ እስከ 10,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ወይም ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ ደግሞ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ነገሩ ከከፋ እስራትና ወደ አገር መመለስም አለ። ተማሪ ለመሥራት ቢፈልግ ዩኒቨርሲቲው መስማማት፣ ፖሊስም በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ማስፈር አለበት። «ገብቶ እንደ ማንኛውም ሰው ሱቅ ይከፍታል» የሚባል ነገር የለም። ይህን የሚነግራችሁ ደላላ ካለ የሚሸጠው ልጃችሁን ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡን እንይ። የቻይና መንግሥት ሙሉ የትምህርት ዕድል ያገኘ ልጅ መኝታውና የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል። በእጁ የሚገባው የወር ገንዘብ ለመጀመሪያ ዲግሪ 2,500፣ ለሁለተኛ ዲግሪ 3,000፣ ለዶክትሬት 3,500 ዩዋን ነው። ወደ ብር ስትመነዝሩት ብዙ ይመስላል። ግን ልጁ የሚበላው በብር አይደለም። ቁርሱን፣ ምሳውን፣ ራቱን፣ ስልኩን፣ ትራንስፖርቱን፣ የክረምት ልብሱን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻውን ሁሉ የሚከፍለው ከዚያችው ነው። በራሱ ወጪ የሄደው ደግሞ ይህም የለውም።

የታናሽ እህቴ ልጅ ሁለተኛ ዲግሪውን ለመማር ዉሃን ገባ። በሄደ በዓመቱ ቡና ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ እህቴን «የእገሊት ልጅ በስምንት ወሩ ግቢ አሳጠረላት፤ ያንቺውስ?» ይላታል። እህቴ ለልጇ ይህን በስልክ ደገመችለት። በክፋት አይደለም፤ የሰፈር ወሬ ብላ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ገንዘብ መምጣት ጀመረ። በየወሩ ሳያቋርጥ ይመጣል። እህቴም ግቢዋን አጠረች፣ በሩን ቀለም አስቀባች።

አንድ እሑድ በስልክ ምስል ስናወራ ልጁን አየሁት። የጉንጩ አጥንት ወጥቷል። «ደህና ነህ?» ስለው «ደህና ነኝ አክስቴ» አለ። «ዛሬ ምሳ ምን በላህ?» አልኩት። ዝም አለ። «ትናንትስ?» አልኩት። «አክስቴ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ» አለኝ። ከ3,000 ዩዋን ሁለቱን ሺህ ይልካል፤ በቀረችው በቀን አንዴ ይበላል። ራሱን እያመመው ስለሚቸገር ከመድኃኒት ቤት አይቡፕሮፌን ገዝቶ በባዶ ሆዱ ይውጣል። ሰገራህ ምን ይመስላል አልኩት፤ ጥያቄው አሳፈረው፤ እኔ ግን አርባ ዓመት ያህል ስጠይቀው የኖርኩት ነገር ነውና አላሳፈረኝም። «እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው» አለ።

ወላጆች ይህን አስታውሱ። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ ብዙውን ጊዜ ጨጓራ ወይም የአንጀት መጀመሪያ እየደማ እንደሆነ ምልክት ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች አዘውትረው ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ያደማሉ። ነገ ተብሎ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። በዚያው ሌሊት የመኝታ ጓደኛው ሆስፒታል አደረሰው። ተኝቶ ታከመ፣ ዳነም። ግን የመመረቂያ ጽሑፉ አንድ መንፈቅ ዘገየ፤ የነፃ ትምህርቱ ጊዜ አለቀ፤ ለዚያ መንፈቅ የከፈልነው እሱ በዓመት ከላከው በለጠ። አጥሩ ግን ዛሬም ያምራል።

አሁን ደግሞ የልጃችሁ ቀን ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ፤ ካወቃችሁት ጥያቄያችሁም ይለወጣል።

የቻይና ሰው ቀደም ብሎ ነው የሚበላው። ምሳ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል፤ ራት ከ11 ሰዓት። የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ሰዓቱ ሲያልፍ ድስቱን ያነሣል፤ እንደ እኛ አገር «እስኪ ፈልጉልኝ» የለም። ከምግቡ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ብዙ ነው። ያንን የማይበላ ልጅ አረንጓዴ ሰሌዳ ያላቸውን የሙስሊም ምግብ ቤቶች ይፈልጋል፤ በእጅ እየተለጠጠ የሚሠራ የላንዡ ፓስታ በበሬ ሥጋ መረቅ ያቀርባሉ፣ ዋጋቸውም ተማሪ ይችለዋል። እንጀራና ቆጮ የሚናፍቀው ግን ሆዱን ብቻ አይደለም። በአታካና ያደገ ልጅ ቡላና ቅቤ በሕልሙ ቢያይ አትሳቁበት።

ሁሉም ሰው ሙቅ ውኃ ይጠጣል። ባቡር ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል የፈላ ውኃ መቅጃ አለ፤ ሰዉም ፔርሙዝ ይዞ ይዞራል። የቧንቧ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም። ይህን ልማድ እኔ በጣም ወድጄዋለሁ፤ ሆሳዕና ቢመጣልን ስንቱን ተቅማጥ ባስቀረልን።

ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ጥቂት ነው። ቆስጣ የምትሸጠው አሮጊት እንኳ ነጠብጣብ ምልክት ያለበት ወረቀት ከሚዛኗ ላይ ሰቅላለች፤ ገዢው በስልኩ ያነሣዋል፣ ገንዘቡም በዊቻት ወይም በአሊፔይ ይገባላታል። ስለዚህ የልጃችሁ ስልክ ቦርሳው፣ የአውቶቡስ ቲኬቱ፣ ዳቦው ነው። ስልኩ የተበላሸበት ልጅ በሰው መሀል ይራባል። «ስልክ ቀየረ፣ ቀበጠ» ብላችሁ አትፍረዱበት።

የአየሩ ጠባይም ሌላ ነው። ሆሳዕና ደጋ ናት፤ በጋም ክረምትም አትከፋም። ዉሃን በበጋ እንደ ምድጃ ትፋጃለች፤ በቅዝቃዜው ወራት ደግሞ ከሰሜኑ የቻይና ክፍል በተለየ ቤቶችን በሙሉ የሚያሞቅ የከተማ ማሞቂያ የላትም፤ ልጆቹ ካፖርት ለብሰው ያጠናሉ።

መንገድ ላይ ሰው ያየዋል። «ላኦዋይ» ይሉታል፤ የውጭ አገር ሰው ማለት ነው። ፎቶ የሚያነሣው፣ ጸጉሩን የሚነካው አለ። ብዙው ጉጉት ነው፤ ግን በየቀኑ መታየት ያደክማል። ቤት ልከራይ ሲል «ለውጭ አገር ሰው አናከራይም» የሚለውም ያጋጥመዋል።

ለጸሎት መሄድ ይችላል። የውጭ አገር ሰው የሚያመልከው በመንግሥት በተመዘገቡ ቤተ እምነቶች ነው፤ በጓንግዡ በሺሺ ካቴድራል ብዙ አፍሪካውያን ይሰባሰባሉ፤ ሙስሊሞቹም ጥንታዊ መስጊዶች አሏቸው። ለቻይናውያን መስበክ ግን ለውጭ አገር ሰው የተከለከለ ነው። እኛ ሆሳዕናዎች ወንጌል የመመስከር ልማድ ስላለን ልጆቻችን ይህን አውቀው ቢሄዱ ይሻላል።

ስለ ሕክምናው ትንሽ ልበል፤ የእኔም ሙያ ነውና። ቻይና ውስጥ ብዙ ሰው ለትንሹም ለትልቁም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይሄዳል። ፓስፖርት ያሳያል፣ ወረፋ ቁጥር ይቆርጣል፣ ለሐኪም፣ ለላቦራቶሪ፣ ለመድኃኒት በየደረጃው አስቀድሞ ይከፍላል። ለመተኛት ማስያዣ ይጠየቃል። ለጉንፋን ግሉኮስ ተሰክቶለት የተቀመጠ ሰው ብታዩ አትደንግጡ፤ እዚያ የተለመደ ነው። ለውጭ አገር ተማሪዎች የተዘጋጀው የጤና መድን በዓመት 800 ዩዋን ነው፤ በራሱ ከፍሎ የሚማር ልጅ ይህን እንዳይዘል አጥብቃችሁ ንገሩት። የአምቡላንስ ስልክ 120፣ የፖሊስ 110 ነው።

ከመሄዱ በፊት እዚህ የሚሠሩ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የደም ዓይነቱን ይወቅ። በተለይ ነጌቲቭ ከሆነ። በእኛ አገር ነጌቲቭ ደም ያን ያህል ብርቅ አይደለም፤ በቻይናውያን ዘንድ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በአደጋ ጊዜ ቶሎ ላይገኝ ይችላል። ለሴት ልጅ ደግሞ ከእርግዝና ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ስላለው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ የንግድ ስሙን ሳይሆን ዋናውን የመድኃኒቱን ስምና መጠኑን አስጽፎ ይያዝ። የአስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ «እዚያ እገዛለሁ» ብሎ ባዶ እጁን አይሂድ።

ሦስተኛ፣ የተላከለት ሰነድ እውነተኛ መሆኑን አጣሩ። ከመቀበያ ደብዳቤው ጋር ጄደብልዩ 201 ወይም 202 የሚባል ቅጽ አለ፤ 201 በመንግሥት የትምህርት ዕድል ለሚሄድ፣ 202 በራሱ ወጪ ለሚማር ነው። ደላላው «ነፃ ትምህርት ነው» ብሎ 202 ካመጣላችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲውን ራሱን መጻፍና መጠየቅ ይቻላል።

አራተኛው ሻንጣው ነው። እናቶች፣ ቅቤ አትጫኑበት። ቻይና ቅቤ፣ አይብ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ቋንጣ፣ ትኩስ ፍራፍሬና ዘር በሻንጣ ይዞ መግባትን ትከለክላለች፤ ሲገኝ ይወረሳል። በርበሬና ሽሮ እንኳ የታሸገና ምን እንደሆነ የተጻፈበት ይሁን። ጫት እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የተመዘገበ ነው፤ የደረቀውን «ሻይ ቅጠል ነው» ብሎ የሚያስይዝ ሰው ካለ ልጁን ወደ እስር ቤት እየላከው ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሌላ ሰው ዕቃ አይያዝ። «ለእህቴ ሻምፖ አድርስልኝ»፣ «ይቺን ጫማ ለጓደኛዬ» የሚል ሰው መናኸሪያም አውሮፕላን ማረፊያም አይጠፋም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ኢትዮጵያዊት በቻይና አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጓደኛዬ አድርሺልኝ ብላ ሰጠችኝ ባለችው የሻምፖ ዕቃ ውስጥ ዕፅ ተገኘ ተብላ መያዟ አገር ያነጋገረ ነበር። የቻይና ሕግ በዕፅ ዝውውር እስከ ሞት ይቀጣል። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም። የዘመድ ዕቃ እንኳ ቢሆን ተከፍቶ፣ ተፈትሾ፣ ካልሆነም እምቢ ተብሎ ይመለስ።

ስለ ስልክ ደግሞ። የቻይና ሰዓት ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። ከራት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስንደውልለት እዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። «ስልክ አያነሣም፣ ረሳን» ከማለታችን በፊት ሰዓት እንቁጠር። ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ለእሱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ያ ጥሩ ጊዜ ነው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ እዚያ ዝግ ናቸው። ልጆቹ በቪፒኤን ቢከፍቱትም አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቆማል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ዊቻት በእናንተ ስልክ ላይ ይጫንላችሁ። አዲስ ሰው ሲመዘገብ ቀድሞ ተጠቃሚ የሆነ ሰው እንዲያረጋግጥለት ስለሚጠይቅ መናኸሪያ ላይ በጥድፊያ የሚሆን አይደለም፤ ሳምንት አስቀድማችሁ ጨርሱት።

ክፉ ቀንም ይመጣል። ኮሮና ሲነሣ ዉሃን ከጥር 14 እስከ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም ድረስ፣ 76 ቀን ተዘግታ ነበር፤ የእኛም ተማሪዎች መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። በሚያዝያ ወር ደግሞ በጓንግዡ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል እየወጡ መንገድ ላይ ያደሩበት ጊዜ ነበር፤ በቤጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮች በጋራ ተቃውሞ ጻፉ፤ የአፍሪካ ኅብረትም የቻይናን አምባሳደር ጠርቶ ጠየቀ። በዚያ ጊዜ ልጆቹን ያቆማቸው አንዱ ለሌላው ሩዝ መካፈሉና ከቤት የሚደወለው ስልክ ነበር። ዛሬ እዚያ የምትደውሉለት ልጅ ያንን ባያይም ሌላ የራሱ ክፉ ቀን ይኖረዋል፤ ያንን ቀን ለእናንተ የሚነግራችሁ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት በምትጠይቁት ጥያቄ ነው።

«መቼ ትልካለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ መታመሙን አይናገርም። የሚልከው የለውምና አይደውልም፤ ወይም እንደ እህቴ ልጅ ሆዱን ሽጦ ይልካል፤ ወይም ማታ ማታ ተደብቆ ይሠራና ሲያዝ አምስት ዓመት የተለፋበት ትምህርት በአንድ ቀን ይበላሻል። ገንዘቡ ይምጣ ካልን ይመጣል፤ ከምን ተቆርጦ እንደሚመጣ ግን አናይም።

ስለዚህ አያቶችም ወላጆችም፣ ቻይና ለትምህርት የሄደውን ልጅ እስኪመረቅ ገንዘብ አትጠይቁት። በግልጽ፣ በአንደበታችሁ «አትላክ፤ ብላበት» በሉት፤ ዝም ካላችሁ ልጁ ዝምታችሁን እንደ ጥያቄ ይሰማዋል። ቡና ላይ «ያንቺውስ?» ለሚል ጎረቤት «የእኔ ልጅ ገና እየተማረ ነው» ማለት አያሳፍርም። ስትደውሉም «ደህና ነህ?» ብቻ አትበሉ፤ የእኛ ልጅ ቢሞትም ደህና ነኝ ነው የሚለው። ምሳ ምን በላህ፣ ከማን ጋር በላህ፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ ብላችሁ ጠይቁት። ፊቱን በብርሃን አሳየኝ በሉት። መልሱ ከዘገየ አትቆጡ፤ ደግማችሁ ጠይቁ።

እህቴ አሁን በየእሑዱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ምሳ ነው። ልጁ ተመርቆ፣ በሙያው የሥራ ፈቃድ አግኝቶ ሌላ ከተማ ገብቷል። በፈቃዱ፣ ከጠገበው ላይ፣ አልፎ አልፎ ይልክላታል። እሷም ትመርቀዋለች።